ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ካበቃ በኋላ፦ ለቆየ ኮምፒውተር የትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሻላል?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኦክቶበር 14፣ 2025) አቁሟል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ «ኮምፒውተራችሁ ሊቆም ነው፣ አዲስ ግዙ» ይላል። ሌላው «ዝም ብላችሁ ተጠቀሙበት፣ ይሄ የሻጮች ማስፈራሪያ ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ብቻ አይደለም። ስታትካውንተር የተባለው የኢንተርኔት አጠቃቀም መዛኝ ድርጅት እንዳሳየው፣ ድጋፉ ባበቃበት ወር በዓለም ላይ ካሉ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ከመቶ 40 ገደማ የሚሆኑት ገና በዊንዶውስ 10 ላይ ነበሩ። ካናሊስ የተባለ የገበያ ጥናት ተቋም ደግሞ 240 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር እንደማይችሉ በ2023 መጨረሻ ገምቶ ነበር። እኛ አገር ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከዱባይና ከአሜሪካ መጥተው በሱቅ ከሚሸጡት ወይም ዘመድ ከሚልካቸው ያገለገሉ ላፕቶፖች ውስጥ ከ2018 በፊት የተሠሩት ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹ ዕቃቸው ጠንካራ ነው፣ ገና ዓመታት ያገለግላሉ። ችግሩ ያለው ላያቸው ላይ የተጫነው ሶፍትዌር ላይ ነው። («ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድጋፍ አበቃ ሲባል ምን ይቆማል?

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚያዝ፣ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚሠሩበት መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። በብዙ ሚሊዮን መስመሮች ስለሚጻፍ ስህተት አያጣም። አንዳንዱ ስህተት ደግሞ ለሰርጎ ገብ በር ይከፍታል። አምራቹ እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ሲያገኝ መድፈኛ ያዘጋጃል። የደኅንነት አፕዴት የሚባለው ይህ ነው። ማይክሮሶፍት በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ ያወጣዋል።

ድጋፍ ሲያበቃ ኮምፒውተሩ አይቆምም። ይነሳል፣ ወርድ ይከፍታል፣ ኢንተርኔት ይገባል። የሚቆመው ጥገናው ነው። አደጋውም በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ በየወሩ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። ዊንዶውስ 10 እና 11 አብዛኛውን የውስጥ ኮዳቸውን ይጋራሉ። ማይክሮሶፍት ለ11 ጥገና ባወጣ ቁጥር አጥቂዎች ከጥገናው በፊትና በኋላ ያሉትን ፋይሎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ልዩነቱን ይፈልጋሉ። ልዩነቱ ቀዳዳው የት እንደነበር ይነግራቸዋል። ያው ቀዳዳ ባልታደሰው ዊንዶውስ 10 ላይ ክፍት ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ማለትም ለአንዱ የወጣው ጥገና ለሌላው ጥቆማ ይሆናል። ብዙም መጠበቅ አላስፈለገም። መደበኛው ድጋፍ ካበቃ በኋላ በመጣው የመጀመሪያው ዙር፣ በኖቬምበር 2025፣ ከተደፈኑት ቀዳዳዎች አንዱ በዊንዶውስ ከርነል (በሲስተሙ እምብርት) ውስጥ የነበረ ሲሆን አጥቂዎች ቀድመው እየተጠቀሙበት ነበር።

የማይታደስ ኮምፒውተር ምን ሊያመጣ እንደሚችል በሜይ 2017 ታይቷል። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ገባ። የእንግሊዝ የሕዝብ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። የሚገርመው ቀዳዳው አዲስ አልነበረም። ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች፣ ደፍኖት ነበር። በብዛት የተመቱትም የጥንቶቹ ዊንዶውስ ኤክስፒ ኮምፒውተሮች አልነበሩም። በወቅቱ ድጋፍ የነበራቸው፣ ግን አፕዴት ያልተደረጉ የዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮች ነበሩ።

ስለዚህ ለቆየ ኮምፒውተር ሲስተም ሲመረጥ ስሙና መልኩ ሁለተኛ ነገር ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማን እንደሚጠግነው፣ እስከ መቼ እንደሚጠግነው፣ ጥገናውስ በእርግጥ ባለቤቱ ጋ ይደርስ እንደሆነ ነው። ክርክሩ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ይጠመዳል። የዋናክራይ ተጎጂዎች የወደቁት ግን በሦስተኛው ላይ ነው።

«አንቲቫይረስ አለኝ» የሚለው መልስስ? ማይክሮሶፍት ራሱ ዲፌንደር የተባለው አንቲቫይረሱ በዊንዶውስ 10 ላይ ቢያንስ እስከ ኦክቶበር 2028 አዳዲስ ቫይረሶችን መለየቱን እንደሚቀጥል አስታውቋል። ክሮምና ፋየርፎክስም ለጊዜው አልተውትም። ይህ ጥሩ ነው፣ አደጋውን ይቀንሳል። ግን አንቲቫይረስ የገባውን ለመያዝ ይሞክራል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍንም። በከርነል በኩል የገባ አጥቂ ደግሞ አንቲቫይረሱን ራሱን ሊያጠፋው ይችላል።

ዊንዶውስ 11 አሮጌዎቹን ለምን አልቀበልም አለ?

ዊንዶውስ 11 በኦክቶበር 2021 ሲወጣ ጠንከር ያለ መስፈርት ይዞ መጣ። ከኢንቴል በኩል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ በጥቅሉ ከ2017 መጨረሻ ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም እና 64 ጊጋባይት ማስቀመጫ ይላል። ከሁሉም በላይ ያከራከሩት ግን ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት ናቸው። ቲፒኤም የምስጢር ቁልፎችን ከዋናው ሲስተም ለይቶ የሚያስቀምጥ የደኅንነት ቺፕ ነው። ሴኪዩር ቡት ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የታወቀ ፊርማ የሌለው ሶፍትዌር ቀድሞ እንዳይገባ ይከለክላል።

ማይክሮሶፍት የሚለው ግልጽ ነው። እነዚህ ከሌሉ ሲስተሙ ሲጀምር የሚደረግ ጥቃትን መከላከል አይቻልም፤ ስለዚህ መሠረቱን ከፍ እናድርግ ይላል። ተቃዋሚዎቹም ግልጽ ናቸው። በአሜሪካ ለሸማቾች የሚሟገተው ፐርግ የተባለ ድርጅት እና ኬዲኢን ጨምሮ የነጻ ሶፍትዌር ማኅበረሰቦች፣ ደህና የሚሠራን ኮምፒውተር በመስፈርት ወደ ቆሻሻ መላክ ለደኅንነትም ለአካባቢም አይጠቅምም ይላሉ። «ኤንድ ኦፍ 10» በሚል ዘመቻ ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ሳይጥሉ ሊኑክስ እንዲጭኑ ይቀሰቅሳሉ።

በእኔ ግምት ሁለቱም የእውነት ድርሻ አላቸው። ቲፒኤም ላፕቶፑ ሲሰረቅ በውስጡ ያለውን መረጃ ለመጠበቅ በጣም ይጠቅማል። ግን አንድ ተራ ተጠቃሚ በብዛት የሚጠቃው በሐሰተኛ ሊንክ፣ በተበከለ ፍላሽ፣ አፕዴት ባልተደረገ ብራውዘር ነው። ቺፑ እነዚህን አያስቆማቸውም። ቺፕ ባይኖረውም በየጊዜው ከሚጠገን ኮምፒውተር ይልቅ፣ ባለቺፑና ጥገና የቀረበት ኮምፒውተር ይበልጥ ያሰጋል።

ተስፋ ከመቁረጥ በፊት አንድ ነገር ማየት ይገባል። አንዳንድ ኮምፒውተሮች ቲፒኤሙ እያላቸው ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሲስተሙ ቀድሞ የሚሠራው መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ጠፍቶ ስለተቀመጠ ብቻ «አይቻልም» ይባላሉ። ማይክሮሶፍት ፒሲ ኸልዝ ቼክ የሚባል ነጻ መፈተሻ አለው። ፕሮሰሰሩ ካለፈና የቀረው ቲፒኤም ብቻ ከሆነ፣ ባዮስ ገብቶ ማብራት የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ጊዜ መግዛት

ዊንዶውስ 10 ላይ መቆየት ለሚፈልግ ሰው ሕጋዊ መንገድ አለ። ማይክሮሶፍት የተራዘመ የደኅንነት አፕዴት የሚለውን ፕሮግራም ለግለሰቦችም ከፍቷል። እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. (ኦክቶበር 13፣ 2026) ይቆያል። ሲስተሙ 22ኤች2 የሚባለው የመጨረሻው የዊንዶውስ 10 እትም መሆን አለበት። የማይክሮሶፍት አካውንትም ያስፈልጋል።

ዋጋው 30 ዶላር ነው፤ አንድ ክፍያ እስከ 10 ኮምፒውተር ይሸፍናል። ከአዲስ አበባ ሆኖ በውጭ ካርድ መክፈል ለብዙ ሰው ራስ ምታት እንደሆነ ይታወቃል። ግን ሳይከፍሉም ይቻላል። የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ማመሳሰል ወይም 1,000 የማይክሮሶፍት ሪዋርድስ ነጥብ መጠቀም በቂ ነው። በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና የሚኖሩ ደግሞ ሴቲንጋቸውን ማመሳሰል ሳያስፈልጋቸው በነጻ ያገኙታል፤ በአካውንታቸው መግባት ብቻ ይጠበቅባቸዋል። ወደ ሴቲንግ ገብቶ በዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ «ኢንሮል» የሚለውን መፈለግ ነው።

ለድርጅቶች ግን ስሌቱ ሌላ ነው። በአንድ ኮምፒውተር ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ይከፈላል። በየዓመቱ እጥፍ ስለሚሆን ሦስቱ ዓመት ሲደመር 427 ዶላር ይሆናል። በዚህ ገንዘብ መስፈርቱን የሚያሟላ ያገለገለ ላፕቶፕ መግዛት ይቻል ይሆናል። ያም ሆነ ይህ ፕሮግራሙ ጊዜ መግዣ ነው። ጊዜውን ለመሸጋገሪያ ካልተጠቀሙበት ያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ኦፊስ 2016 እና 2019 በዚያው ቀን ድጋፋቸው ማብቃቱንም መርሳት አይገባም። በቫይረስ የተለወሰ የወርድ ፋይል በኢሜይል መላክ የቆየና አሁንም የሚሠራ ዘዴ ነው።

ዊንዶውስ 11ን በግድ፣ ወይም በክራክ

ሩፈስ በሚባለው ነጻ መሣሪያ የመስፈርቱን ፍተሻ የሚዘል ፍላሽ አዘጋጅቶ ዊንዶውስ 11ን ባልተፈቀደለት ኮምፒውተር ላይ መጫን ይቻላል። ብዙ የጥገና ሱቆችም ያደርጉታል። ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ አፕዴትም ይመጣለታል። ግን ማይክሮሶፍት እንዲህ ያሉ ኮምፒውተሮች አፕዴት የማግኘት መብት የላቸውም ብሎ በግልጽ ጽፏል። ዛሬ መጣ ማለት ነገ ይመጣል ማለት አይደለም። 24ኤች2 የተባለው እትም ሲወጣ ኮር 2 ዱዎን የመሳሰሉ የቆዩ ፕሮሰሰሮች የጎደላቸው ትእዛዝ ግዴታ ሆነ። በእነሱ ላይ ሲስተሙ ጭራሽ አይነሳም፤ ማለፊያ ዘዴም የለውም። ኮምፒውተሩን የሚረዳው ባለሙያ በቅርብ ያለ ሰው ሊሞክረው ይችላል። ለአባትና ለእናት ኮምፒውተር ግን አልመክረውም።

ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ጉዳይ ሌላ ነው። እንደ ኬኤምኤስፒኮ ያሉ የፈቃድ ማለፊያዎች ሲጫኑ መጀመሪያ የሚጠይቁት አንቲቫይረስ እንዲጠፋ ነው። የይለፍ ቃልና የክሪፕቶ ገንዘብ ቦርሳ የሚሰርቅ ቫይረስ በዚሁ ፕሮግራም ስም ሲሰራጭ መገኘቱ በ2021 ተዘግቧል። ከማን እንደመጣ በማይታወቅ ፍላሽ የተጫነ፣ አፕዴቱ ሆን ተብሎ የተዘጋ «ቀላል» ዊንዶውስም እንዲሁ ነው። ማን ይጠግነዋል ለሚለው ጥያቄ መልሱ «ማንም» ነው። ስለ ደኅንነት ተጨንቆ ሲስተም የሚመርጥ ሰው ዊንዶውስ 10ንም ሆነ 11ን በዚህ መንገድ ከጫነ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ሊኑክስ፦ ከስሙ በላይ እትሙ

ሊኑክስ በዓለም ዙሪያ ያሉ ባለሙያዎች በጋራ የሚሠሩት ነጻ ሲስተም ነው። የተለያዩ ቡድኖች በየራሳቸው አሰናድተው ያወጡታል። እነዚህ እትሞች ዲስትሮ ይባላሉ። «ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም» የሚለው አባባል ስህተት ነው። በማርች 2024 ኤክስዜድ በሚባል ትንሽ የፋይል ማመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የኋላ በር ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው፤ ግንኙነቱ በትንሹ ስለዘገየበት ሲመረምር ደረሰበት። የኋላ በሩ የገባው ገና በሙከራ ላይ ባሉ እትሞች ውስጥ ነበር። እንደ ዴቢያን ስቴብል ያሉ የተረጋጉት እትሞች አልተነኩም። ለምርጫችን የሚጠቅመው ይህ ነው፤ አዲስ ነገር ቶሎ የሚያስገባ እትም ሁልጊዜ የተሻለ ደኅንነት አለው ማለት አይደለም።

ከሚታወቁት ሁለቱን ብቻ እናንሳ። ሊኑክስ ሚንት 22 በጁላይ 2024 ወጣ። ኡቡንቱ በተባለው ሌላ ዲስትሮ 24.04 እትም ላይ ስለተሠራ እስከ 2029 ይጠገናል። ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለ ገጽታው 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ በደንብ ይሄዳል። ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው ብዙ እንግዳ አይሆንም። ዴቢያን 13 በኦገስት 2025 ወጣ። 3 ዓመት ሙሉ ድጋፍና 2 ዓመት የረጅም ጊዜ ድጋፍ አለው፤ እስከ 2030 ያደርሳል። ለመጫን ከሚንት ትንሽ ይከብዳል። አንዴ ከተጫነ ግን ዝም ብሎ የሚሠራ ሲስተም ነው።

ዲስትሮ ሲመረጥ የሚሠራው የተለመደ ስህተት «ቀላል» ማለትን ከ«አስተማማኝ» ጋር ማምታታት ነው። ፓፒ ሊኑክስ በጣም ደካማ ኮምፒውተር ላይም ይበርራል። ግን በልማዱ ተጠቃሚውን ሩት ማለትም ሙሉ ሥልጣን ያለው አድርጎ ያስገባዋል። በዚያ ሁኔታ አንድ ተንኮለኛ ፕሮግራም ቢነሳ የሚያግደው የለም። ሉቡንቱና ዙቡንቱ ቀላልና ጥሩ ናቸው። ድጋፋቸው ግን እንደ ዋናው ኡቡንቱ 5 ሳይሆን 3 ዓመት ነው። የ24.04 እትማቸው ኤፕሪል 2027 ላይ ያበቃል። ይህን ሳያዩ የጫኑት ሰዎች ድጋፍ በሌለው ዊንዶውስ ፈንታ ድጋፍ በሌለው ሊኑክስ ላይ ይገኛሉ።

ባለሙያዎች የሚያነሱት ሌላ ነጥብም አለ። ሚንትን ጨምሮ ብዙዎቹ ቀላል ገጽታዎች አሁንም ኤክስ11 በሚባል የቆየ የስክሪን ሥርዓት ላይ ነው የሚሠሩት። በእሱ ላይ አንዱ ፕሮግራም በሌላው ውስጥ የሚጻፈውን ሊያነብ ይችላል። ዌይላንድ የተባለው አዲሱ ሥርዓት ይህን ዘግቷል። ትችቱ እውነት ነው። ጋዜጠኛ ወይም ምስጢር የሚይዝ ሰው ሊያስብበት ይገባል። ለተራ ተጠቃሚ ግን አደጋው የሚጀምረው ተንኮለኛ ፕሮግራም አስቀድሞ ከገባ በኋላ ነው፤ ፕሮግራሞቹን ከዲስትሮው ማከማቻ ብቻ የሚጭን ሰው ይህ ብዙም አይገጥመውም።

ኪዩብስና ኦፕንቢኤስዲ የተባሉትን ሲስተሞች የሚመክሩም አሉ። ሁለቱም በደኅንነት ስማቸው ከፍ ያለ ነው። ኪዩብስ ግን 16 ጊጋባይት ራም ይመክራል፤ አሮጌ ላፕቶፕ አይችለውም። ኦፕንቢኤስዲ ለሚያውቀው ሰው ነው።

ሊኑክስ የሚወርድበት ቦታም መጠንቀቅን ይጠይቃል። በፌብሩዋሪ 2016 ሰርጎ ገቦች የሊኑክስ ሚንትን ድረ ገጽ ሰብረው፣ ማውረጃ ሊንኩን የኋላ በር ወዳለው ፋይል አዙረውት ነበር። ቡድኑ ወዲያው አሳወቀ። ግን በዚያ ቀን ያወረዱና ሳያመሳክሩ የጫኑ ሰዎች ተጎድተዋል። እያንዳንዱ የሊኑክስ መጫኛ ፋይል ቼክሰም የሚባል ረጅም መለያ ቁጥር አለው። በፊርማ የተደገፈውን የቼክሰም ዝርዝር አውጥቶ ከወረደው ፋይል ጋር ማመሳከር አምስት ደቂቃም አይፈጅ። በተለይ ፋይሉ ከጓደኛ ፍላሽ የመጣ ከሆነ አይዘለል።

ለብራውዘር ብቻ ከሆነ

ሥራው ሁሉ ኢሜይል፣ ዩቲዩብና ጉግል ዶክስ ለሆነ ሰው ክሮምኦኤስ ፍሌክስ አለ። ጉግል በ2022 ያወጣው ነጻ ሲስተም ነው። 4 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል፤ አፕዴቱንም ሳይጠይቅ ራሱ ያደርጋል። ለማይነካካ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጉድለትም አለው። ኢንተርኔት ሲጠፋ ብዙም አይጠቅምም። የአንድሮይድ አፕ አይጭንም። የክሮምቡክ የደኅንነት ቺፕም ስለሌለ ሲነሳ የሚደረገው ፍተሻ የክሮምቡኩን ያህል አይሆንም። ጉግል የተፈተኑ ሞዴሎችን ከነማብቂያ ዓመታቸው ዘርዝሯል። ከመጫን በፊት የራስን ሞዴል እዚያ መፈለግ ይበጃል።

ጥገናው እቤት ይደርሳል ወይ?

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንምጣ። እኛ አገር አፕዴት የሚዘጋው በስንፍና ብቻ አይደለም። ሰው በሞባይል ዳታ ፓኬጅ ነው የሚጠቀመው። የዊንዶውስ ወርሃዊ አፕዴት በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። የገዛው ፓኬጅ በአንድ ሌሊት ሲያልቅ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ግንኙነቱን «ሚተርድ» (በመጠን የሚከፈልበት) ብሎ አፕዴቱን ማፈን ነው። አይፈረድበትም። ውጤቱ ግን ያው ነው፤ ድጋፍ ያለው ሲስተም ድጋፍ እንደሌለው ይሆናል።

ስለዚህ የዳታ ፍጆታ ራሱ የደኅንነት መስፈርት ነው ባይ ነኝ። በዚህ በኩል ዲስትሮዎች በጣም ይለያያሉ። እንደ አርች ያሉት ሁሉንም ፕሮግራም ያለማቋረጥ ወደ አዲስ እትም ያሻግራሉ። ሁለት ሳምንት ሳይነኩ ቢቆዩ ጊጋባይት ሊጠይቁ ይችላሉ። ዴቢያን ስቴብል በተቃራኒው የቀድሞውን እትም ይዞ በአብዛኛው ቀዳዳውን ብቻ ይደፍናል። ከብራውዘርና ከከርነል በስተቀር ጥገናው ትንንሽ ነው። ዳታ ለሚቆጥብ ቤት የእኔ ምርጫ ለዚህ ነው ወደ ዴቢያን የሚያደላው። ሚንትም ሩቅ አይደለም፤ በማዘመኛው ውስጥ ራሱ እንዲያዘምን ማዘዝ ይቻላል።

ብዙ ኮምፒውተር ላለው ቢሮ ወይም ትምህርት ቤት ሌላ ዘዴ አለ። ዊንዶውስ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን በሚባል ሴቲንግ አንዱ ኮምፒውተር ያወረደውን ለሌሎቹ በውስጥ ኔትወርክ እንዲያካፍል ያደርጋል። በዴቢያንና በሚንት ደግሞ አፕት ካሸር የሚባል ፕሮግራም አንድ ጊዜ የወረደውን አስቀምጦ ለሁሉም ያድላል። አሥር ኮምፒውተር ያለው ቢሮ አሥር ጊዜ አይከፍልም።

ፍጥነትም እዚህ ውስጥ ይገባል። በአሮጌ ሀርድ ዲስክ ላይ አንድ አፕዴት ከሰዓት በላይ ሲፈጅ ሰው ያቋርጠዋል። ሀርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ማስቀመጫ መቀየር ብዙ ጊዜ ለፍጥነት ይመከራል። አፕዴቱ ተጀምሮ እንዲያልቅ የሚያደርገውም እሱ ነው። ገንዘብ ካለ መጀመሪያ እዚያ ላይ ቢወጣ አይቆጭም።

አማርኛው፣ ፒችትሪው

ወደ ሊኑክስ መሄድ የሚያስቸግርባቸው እውነተኛ ምክንያቶች አሉ። አማርኛ መጻፍ ከእነዚህ አንዱ አይደለም። ኪይማን የተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለሊኑክስም አለ። አይባስ በሚባለው የመጻፊያ ሥርዓት ውስጥም የአማርኛ ኪቦርድ ይገኛል። ኖቶ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ፎንቶችን በነጻ መጫን ይቻላል። ፓወር ግዕዝ የለመደ እጅ ግን ጥቂት ቀን ይቸገራል። በቪዥዋል ግዕዝ ዘመን በነበሩ ዩኒኮድ (ዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ) ባልሆኑ ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ደግሞ ፎንቱ ከሌለ የማይነበብ ምልክት ሆነው ይመጣሉ። እነሱን ዊንዶውሱ ሳይነቀል በፊት ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይሻላል።

ከባዱ ፒችትሪ ነው። በብዙ የአገራችን ድርጅቶች ሒሳብ አሁንም የሚሠራው በቆዩ የፒችትሪ እትሞች ሲሆን ፕሮግራሙ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ሒሳብ ሠራተኛውን በአንድ ቀን ሊኑክስ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። እዚህ ጋ የሚያዋጣው ሥራውን መለየት ነው። የሒሳቡ ኮምፒውተር በዊንዶውስ ይቆይ፣ ግን ኢሜይልና ፌስቡክ አይከፈትበት፤ ከተቻለ ከኢንተርኔት ይነቀል። የሒሳቡ ፋይል ባክአፕ በየጊዜው ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ፣ ዲስኩም ተነቅሎ ይቀመጥ። ኢሜይሉና ብራውዘሩ ወደ ሌላው፣ ሊኑክስ ወደተጫነበት ኮምፒውተር ይሂዱ። የተነቀለ ኮምፒውተርም በፍላሽ ይበከላል። ስለዚህ ፍላሹ መጀመሪያ በሊኑክሱ ቢፈተሽ ጥሩ ነው።

ሲስተም የማይደርስበት

የትኛውም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከሥሩ ያለውን ሁሉ አያስተካክልም። በጃንዋሪ 2018 ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉ ቀዳዳዎች ይፋ ሲሆኑ ችግሩ የተገኘው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነበር። ኢንቴል ለብዙዎቹ ማስተካከያ አወጣ። ፔንሪንና ብሉምፊልድን ጨምሮ ለአንዳንድ የቆዩ ፕሮሰሰሮች ግን እንደማያወጣ በዚያው ዓመት አሳወቀ። ሊኑክስና ብራውዘሮች ከላይ ሆነው የተወሰነውን ይከላከላሉ፣ ሁሉንም አይደለም። ሲስተም ከመቀየር በፊት የአምራቹን ድረ ገጽ ከፍቶ የመጨረሻውን የባዮስ አፕዴት መጫን ተገቢ ነው። ብዙ አምራቾች የባዮስ አፕዴትን ከዊንዶውስ ሆኖ መጫንን ስለሚያቀሉ ዊንዶውሱ ሳይነቀል ማድረጉ ይሻላል። የሴኪዩር ቡት የ2011 ሰርተፊኬቶች ከጁን 2026 ጀምሮ ጊዜያቸው ማለፉም ሌላ ምክንያት ነው።

በመጨረሻ የ32 ቢት ኮምፒውተሮች፣ ማለትም ፕሮሰሰራቸው እንደ ዛሬዎቹ 64 ቢት ያልሆነ የቆዩ ኮምፒውተሮች ጉዳይ አለ። ይህ መንገድ እየተዘጋ ነው። ክሮም ለ32 ቢት ሊኑክስ መሥራት ያቆመው በ2016 ነው። ዴቢያን 13 ለ32 ቢት ኮምፒውተር መጫኛ የለውም። ዴቢያን 12 ብቻ እስከ ጁን 2028 ይጠገናል። ፋየርፎክስም ከ144ኛው እትሙ በኋላ 32 ቢት ሊኑክስን ትቷል። ሲስተሙ ቢጠገን እንኳ የሚጠገን ብራውዘር ካልተገኘ ኢንተርኔት ላይ መውጣት አይመከርም።

ግን አንድ ኮምፒውተር 32 ቢት ነው ከመባሉ በፊት ፕሮሰሰሩ ይታይ። ብዙዎቹ ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ይዘው፣ ራማቸው ትንሽ ስለሆነ ብቻ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነባቸው ናቸው። ኮር 2 ዱዎ እንኳ 64 ቢት ነው። የፕሮሰሰሩን ስም ኢንቴል ድረ ገጽ ላይ መፈለግ ይበቃል። በእርግጥም 32 ቢት ሆኖ ከተገኘ፣ ዋይፋዩን አጥፍቶ ለጽሑፍ መማሪያ፣ ለሙዚቃ ወይም ፕሪንተር ላይ ለተሰካ የትየባ ሥራ ማዋል ይቻላል። የባንክ የይለፍ ቃል ግን አይጻፍበት።